«ያዘ»፦ አንድ ቃል፣ ብዙ ፍች



ፊደል ቆጥራችሁ ጨርሳችኋል። ስማችሁን ትጽፋላችሁ። የልጅ ደብዳቤ ትከፍታላችሁ። የቀበሌውን ማስታወቂያ ከግድግዳው ሥር ቆማችሁ ታነባላችሁ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ሥራው ገና አላለቀም። ፊደልን መለየት የመጀመሪያው እርሻ ነው። አንድ ጊዜ የታረሰ መሬት ዘር አይቀበልም፤ መደገም አለበት። ድጋሚው እርሻ ያነበቡትን መረዳት ነው።

ዛሬ የምንማረው ስለ አንድ ቃል ነው። ቃሉ «ያዘ» የሚለው ነው። «እንዴ! እሱን ደግሞ ማን ያጣዋል?» ትሉ ይሆናል። እኛም ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ጋሸና ስንዘምት እንደዚያ መስሎን ነበር። ነገር ግን ይህ ቃል በክፍላችን ውስጥ አንዲት እናትን አስለቅሷል። አንድ አባትን ደግሞ ሁለት በሬ ሊያሳጣቸው ነበር። ሁለቱንም እንነግራችኋለን።

1. መገናኛው ላይ የቆመ ሰው

ጋሸና የመንገድ መገናኛ ነች። ወደ ምሥራቅ የሚሄደው መንገድ ወልድያ ያደርሳል። ወደ ምዕራብ የሚሄደው ደብረ ታቦር ያደርሳል። ወደ ሰሜን የሚታጠፈው ላሊበላ ይገባል። ወደ ደቡብ የሚሄደው በኮን አድርጎ ወደ ደላንታ ያልፋል።

በገበያ ቀን አንድ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ መገናኛው ላይ ቆሟል እንበል። ወዴት እንደሚሄድ ከፊቱ አይታወቅም። የሚሳፈርበትን መኪና ስታዩ ግን ታውቃላችሁ። ቃልም እንዲሁ ነው። ብቻውን ሲቆም መንገዱ አይታወቅም። ከሌሎች ቃላት ጋር ሲሳፈር ወዴት እንደሚሄድ ይለያል።

2. እናትን ያስለቀሰው ደብዳቤ

በማታው ክፍላችን የሚማሩ አንዲት እናት ነበሩ። ሁለት ልጆቻቸው ከአገር ርቀው ሥራ ላይ ናቸው። አንድ ቀን ከታናሹ ልጅ ደብዳቤ መጣላቸው። ከዚያ በፊት ደብዳቤ ሲመጣ አንባቢ ፍለጋ ይዞሩ ነበር። ያን ቀን ግን «ራሴ ነኝ የማነበው» ብለው ኩራዙ አጠገብ ተቀመጡ።

ሰላምታውን አነበቡ። ደስ አላቸው። ከገጹ መጨረሻ ላይ ግን እንዲህ የሚል አገኙ፦ «ወንድሜ ስለ ተያዘ ለፋሲካ አይመጣም።»

እናት ወረቀቱን ጣሉት። «ልጄን ያዙብኝ! ልጄ ታሰረ!» ብለው ማልቀስ ያዙ። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ «ምን አድርጎ ይሆን?» አለ። ሌላው «ነገ በጧት መኪና ወልድያ እንውረድ» አለ። ለመንገዱ ገንዘብ ማዋጣት ተጀመረ።

እኛም ጩኸት ሰምተን ደረስን። ወረቀቱን አነሣንና ገለበጥነው። በጀርባው በኩል እንዲህ ይላል፦ «የያዘው ሥራ እስከ ግንቦት አያልቅም። ሲያልቅ ፈቃድ ወስዶ ይመጣል።»

ልጁ የተያዘው በሥራ ነው እንጂ በፖሊስ አልነበረም። እናትም እንባቸውን ጠርገው ሳቁ። ከዚያም የተናገሩት ለሁላችንም ትምህርት ሆነ፦ «ማንበቡንስ አነበብሁ፤ ቀድሜ ቆምሁ እንጂ።»

እውነት ነው። አማርኛ ማሰሪያውን የሚያኖረው መጨረሻ ላይ ነው። አህያ ላይ የተጫነ እህል በደንብ ሳይታሰር መንገድ ቢጀመር ይወድቃል። ዐረፍተ ነገርም እንዲሁ ነው። እስከ አራት ነጥቡ ሳንደርስ ብንፈርድ ፍርዱ ይወድቃል። ደብዳቤ ሲሆን ደግሞ አራት ነጥቡም አይበቃም። ጀርባውንም መገልበጥ ነው።

3. የቃሉ ጎረቤቶች

አሁን የሚከተሉትን ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ገበሬው እርፍ ያዘ። (በእጁ ጨበጠ።)
ሕፃኑን ጉንፋን ያዘው። (አመመው።)
ዘበኛው ሌባውን ያዘ። (እንዳያመልጥ አደረገ።)
ይህ ጎተራ አሥር ኩንታል ይይዛል። (በውስጡ ይበቃዋል።)
ችግኙ ሥር ያዘ። (ጸደቀ።)
ልጁ ሥራ ያዘ። (ተቀጠረ።)
መንገድ ላይ ዝናብ ያዘን። (ደረሰብን።)
ልጅቱ ማልቀስ ያዘች። (ጀመረች።)
ሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ያዙ። (ቀን ቆረጡ።)
ጎረቤቱ ቂም ያዘ። (በልቡ አኖረ።)
ነጋዴው የላሊበላን መንገድ ያዘ። (ወደዚያ ሄደ።)

ቃሉ አንድ ነው። ፍቹ ግን ዐሥራ አንድ ቦታ ተከፈለ። ማን ከፈለው? ጎረቤቶቹ ናቸው። እርፍ ሲጎራበተው እጅ ሆነ። ጉንፋን ሲጎራበተው በሽታ ሆነ። ቂም ሲጎራበተው ልብ ሆነ። ስለዚህ አንድን ቃል ለመረዳት ስትፈልጉ ቃሉን ብቻ አትመርምሩ። በስተቀኝና በስተግራ ያለውን ጎረቤቱንም ጠይቁ።

ይህ ሁሉ በአፍ ስትናገሩ አያስቸግራችሁም። በአፍ ሲሆን የተናጋሪውን ፊት ታያላችሁ። ድምፁን ትሰማላችሁ። ካልገባችሁም «ምን ማለትህ ነው?» ትላላችሁ። ወረቀት ግን ፊት የለውም። ቢጠይቁት አይመልስም። ለዚህ ነው የወረቀት ቃል ብዙ ጥንቃቄ የሚፈልገው።

በርካታ ፍች ያለው ቃል በሌሎች ሕዝቦች ቋንቋም አለ። ስፔን በአውሮፓ የምትገኝ አገር ናት። ቋንቋዋ ባሕር ተሻግሮ በሜክሲኮና በአርጀንቲናም ይነገራል። በስፔን አገር «ኮኸር» የሚባል ቃል አለ። እንደኛ «ያዘ» ነው። አውቶቡስ ያዘ ሲሉ «ኮኸር» ይላሉ። ጉንፋን ያዘው ሲሉም «ኮኸር» ይላሉ። ነውር የለበትም። ይኸው ቃል በሜክሲኮና በአርጀንቲና ግን በሰው ፊት የማይነገር የብልግና ቃል ነው። ስለዚህ በዚያ ያሉ ሰዎች በቦታው «ቶማር» የሚለውን ሌላ ቃል ይጠቀማሉ። «ቶማር» ደግሞ በበኩሉ መውሰድም ነው፣ መጠጣትም ነው። አውቶቡስ ሲሉት መሳፈር ይሆናል፤ ቡና ሲሉት መጠጣት ይሆናል።

ከዚህ ሁለተኛ ነገር እንማራለን። የቃሉን ጎረቤት ብቻ ሳይሆን አገሩንም መጠየቅ ያስፈልጋል። የት ተነገረ? ማን ተናገረው? በእኛም «ተያዘ» የሚለው ቃል በፖሊስ ጣቢያ መታሰር ነው። በስልክ «መስመሩ ተይዟል» ሲባል ሌላ ሰው እየተነጋገረበት ነው። በመኪና ውስጥ «ቦታው ተይዟል» ሲባል ሰው አለበት ማለት ነው።

4. አንዲት ፊደልና አንዲት ምልክት

እነዚህን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ተመልከቱ።

በሬውን ያዙ።
በሬውን ያዙ!

ፊደሎቹ አንድ ናቸው። የመጀመሪያው ወሬ ነው፤ ሰዎች በሬውን ይዘዋል። ሁለተኛው ትእዛዝ ነው፤ በሬው እያመለጠ ነው፣ ሮጣችሁ ያዙት ማለት ነው። የለየው ምልክቱ ብቻ ነው። ምልክት ለጌጥ የተቀመጠ አይምሰላችሁ።

እነዚህን ደግሞ አንብቡ።

ይይዛል። ይያዛል።
ያዥ። ተያዥ።

«ይይዛል» ማለት ያዡ እሱ ነው። «ይያዛል» ማለት ግን ሌላ ሰው ይይዘዋል ማለት ነው። በ«ይ» እና በ«ያ» መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። በሰውዬው ላይ የሚያመጣው ግን ትንሽ አይደለም። «ተ» የምትባለው ፊደልም እንዲሁ ነች። መታ፣ ተመታ። ሸጠ፣ ተሸጠ። ያዘ፣ ተያዘ። «ተ» ከፊት ስትቀመጥ ሠሪው ተሠሪ ይሆናል።

5. ያዥና ተያዥ

አሁን ሁለተኛውን ታሪክ እንንገራችሁ። ከተማሪዎቻችን አንዱ ሁለት በሬ ያላቸው ታታሪ ገበሬ ናቸው። የእኅታቸው ልጅ ከተማ ውስጥ ሥራ አገኘ። ሥራው ገንዘብ ያዥነት ነው። ልጁ አንድ ወረቀት ይዞ መጣና «አጎቴ፣ እዚህ ላይ ብቻ ፈርምልኝ» አላቸው።

እሳቸውም መፈረም ከቻሉ ገና ወር አልሞላቸውም። ፊርማቸውን ለማሳየት ጓጉተዋል። ግን «እስቲ ላንብበው» አሉና ወረቀቱን ወደ ማታው ትምህርት ይዘውት መጡ።

ወረቀቱ «የገንዘብ ያዡ ተያዥ መሆኔን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ» ይላል።

«ምን ማለት ይመስልዎታል?» ብለን ጠየቅናቸው።

«እሱ ያዥ ነው፤ እኔ ደግሞ ተያዥ ነኝ። ያው ገንዘቡን አብረን እንጠብቃለን ማለት አይደለም?» አሉ።

«ተ» ን ያስተማርናቸው በዚያው ሳምንት ነበር። ሰሌዳው ላይ «መታ፣ ተመታ» ብለን ጻፍን። ከሥሩም «ያዘ፣ ተያዘ» ብለን ጻፍን። ጥቂት ዝም ብለው ተመለከቱ። ከዚያም «እንግዲያ የሚያዘው እኔ ነኝ በሉኛ!» አሉ።

በትክክል! ተያዥ ማለት ዋስ ማለት ነው። ገንዘብ ያዡ ገንዘብ ቢያጎድልና መክፈል ቢያቅተው የሚጠየቀው ተያዡ ነው። ወረቀቱን ዝቅ ብለን ስናነብ ደግሞ «እስከ ብር» ካለ በኋላ ባዶ ቦታ አለ። ቁጥር አልተጻፈበትም።

በዚህ ላይ ሕግ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1922 ላይ፣ ዋስ የሆነ ሰው እስከ ስንት ብር እንደሚጠየቅ በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው ዋጋ የለውም ይላል። ሆኖም ባዶ ቦታ ላይ የፈረመ ሰው ሌላ አደጋ አለበት። ቁጥሩን ከፊርማው በኋላ ሌላ ሰው ሊሞላው ይችላል። ያን ጊዜ «አልነበረም» ብሎ ማስረዳት ከባድ ነው።

አጎትየው ወረቀቱን መለሱ። «ልኩ ይጻፍበት» አሉ። ተጽፎ መጣ። ቁጥሩ ከሁለት በሬዎቻቸው ዋጋ ይበልጣል። ሌሊቱን ሲያስቡ አደሩ። የእኅት ልጅ ነው። እምቢ ማለት ቀላል አይደለም። በማግሥቱ «ልጄ፣ አቅሜ አይችለውም» ብለው ሳይፈርሙ መለሱት።

ልጁ ሌላ ዋስ አገኘ። ነገር ግን ተቀየመ። እስከ ዛሬም አጎቱ ቤት አይመጣም። እኛም ስለዚህ ነገር አዝነን ስንጠይቃቸው እንዲህ አሉን፦ «እሱ ቂም ይዞብኛል፤ እኔ በሬዎቼን ይዣለሁ። ቂሙን ሽማግሌ ያስለቅቀዋል። በሬውን ግን አንዴ ከተያዘ ማን ያስለቅቅልኛል?»

ለዘመድ ዋስ አትሁኑ ማለታችን አይደለም። መተጋገዝ የኖርንበት ነው። ማለት የፈለግነው፣ ዋስ የሚሆን ሰው ለማን፣ ስለ ምን፣ እስከ ስንት ብር እንደሚያዝ አውቆ ይፈርም ነው።

6. ጋሻው የማን ነው?

እዚህ ላይ ሳንደብቅ የምንነግራችሁ ነገር አለ። ይኸው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728 ላይ ማንበብ የማይችለውን ሰው ይጠብቀዋል። የማያነብ ሰው በውል ላይ ያደረገው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ፣ ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በቀር አያስገድደውም። ሕጉ ይህን ያደረገው «ምን እንደ ተጻፈበት ሳያውቅ እንዳይታለል» ብሎ ነው።

እናንተ ግን አሁን ታነባላችሁ። እንግዲህ «አላነብም ነበር» ማለት አይቻልም። ያ ጋሻ ከእጃችሁ ወጥቷል ማለት ነው። ይህ ሊያስፈራችሁ አይገባም፤ ሊያነቃችሁ ግን ይገባል። ከእንግዲህ ጋሻችሁ ዐይናችሁ ነው። ብዕር የምትይዙት እናንተ ናችሁ። ከፈረማችሁ በኋላ ግን ፊርማው እናንተን ይይዛል።

7. ይዞታ

«ይዞታ» የሚለው ቃልም የ«ያዘ» ልጅ ነው። በክልላችን የመሬት ደብተር ላይ ታገኙታላችሁ። ብዙ ሰው «ባለይዞታ» የሚለውን ሲያነብ «ባለቤት» ይለዋል። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደ ሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይናገራል። ባለቤት የሆነ ሰው ንብረቱን ይሸጣል። በሬያችሁን ትሸጣላችሁ፤ ባለቤት ናችሁና። መሬቱን ግን ታርሳላችሁ፣ ትጠቀሙበታላችሁ፣ ለልጅ ታወርሳላችሁ እንጂ አትሸጡም። «ይዞታ» ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው «መሬቴን እሸጥልሃለሁ» የሚል ወረቀት ቢያቀርብላችሁ፣ በመጀመሪያ በደብተሩ ላይ ያለውን ቃል አንብቡ። የማን ስም እንዳለበትም እዩ። የባልና የሚስት ይዞታ ከሆነ የሁለቱም ስም አለበት። እናቶችም ስማችሁን በገዛ ዐይናችሁ ፈልጉ።

8. በአንድ ቃል የተነሣ ጦርነት

በቃል የሚያዘው ሰው ብቻ አይደለም። አገርም ትያዛለች። ምስክሩ ሩቅ አይደለም፤ በወሎ ምድር ነው። ከጋሸና ወልድያ ወርደን የደሴን መንገድ ብንይዝ ውጫሌ የምትባል ከተማ እናገኛለን። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ አካባቢ አፄ ምኒልክና የኢጣልያ መልእክተኛ አንቶኔሊ ውል ተፈራረሙ። ውሉ በአማርኛና በኢጣልያንኛ ተጻፈ።

አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ ስለ ውጭ ጉዳይ ነው። በአማርኛው ላይ የተጻፈው ቃል «ይቻላቸዋል» የሚል ነበር። የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች የአውሮፓ ነገሥታት ጋር ሲጻጻፉ፣ ቢፈልጉ በኢጣልያ አማካይነት ማድረግ ይቻላቸዋል፤ ባይፈልጉ ይቀራል ማለት ነው። በኢጣልያንኛው ላይ ግን ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣልያ አማካይነት ሊሠሩ ተስማምተዋል የሚል ቃል ተቀመጠ። ፈቃድ የነበረው ግዴታ ሆነ። ኢጣልያም ይህን ይዛ «ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት» ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች።

አፄ ምኒልክ ይህን ሲያውቁ ተቃወሙ። በ1885 ዓ.ም. ውሉን እንደማይቀበሉ አስታወቁ። ነገሩ በቃል አልበረደም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ጦርነት ተደረገ፤ ኢጣልያም ተሸነፈች። በጥቅምት ወር 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገ ሌላ ውል የውጫሌው ውል ተሰረዘ። ኢጣልያ በዚህች አገር ላይ ከቀድሞም ምኞት ነበራት። ይሁን እንጂ ምኞቷን የምታቀርብበት ወረቀት የሆናት ያ አንድ ቃል ነው። እሱን ለማስለቀቅ የብዙ ሰው ደም ፈሰሰ።

9. ምን እናድርግ?

ወረቀት ሲመጣላችሁ እነዚህን አምስት ነገሮች አድርጉ።

አንደኛ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡ። ጀርባውንም ገልብጡ።
ሁለተኛ፣ «ማን ነው ያዡ? ማን ነው ተያዡ?» ብላችሁ ጠይቁ።
ሦስተኛ፣ «የሚያዘው ምንድን ነው? እስከ ስንት? እስከ መቼ?» በሉ።
አራተኛ፣ ባዶ ቦታ ካለ ሳይሞላ አትፈርሙ።
አምስተኛ፣ ያልገባችሁን ቃል ከምታምኑት ሰው ጋር ደግማችሁ አንብቡ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ሳይገባ መፈረም ግን ጉዳት ነው።

እኛ የዘመቻው ጊዜ ሲያበቃ ወደ መጣንበት እንመለሳለን። ወረቀቱ ግን መምጣቱን አይተውም። ያን ጊዜ አጠገባችሁ አንሆንም። ስለዚህ የተማራችሁትን ያዙ!

ጥያቄዎች

1. እናትየው ስለ ልጃቸው የተሳሳቱት ፊደል ስላላወቁ ነው? ካልሆነ በምን ምክንያት ነው?
2. «ያዘ» የሚለውን ቃል በአምስት ልዩ ልዩ ፍች ከራሳችሁ ኑሮ ዐረፍተ ነገር ሥሩበት።
3. «በሬውን ያዙ» የሚለውን አንድ ጊዜ በአራት ነጥብ፣ አንድ ጊዜ በቃል አጋኖ ጻፉና ጮክ ብላችሁ አንብቡ።
4. በ«ባለቤት» እና በ«ባለይዞታ» መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
5. በአጎትየው ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? በቡድን ተወያዩ።
6. «መታ»፣ «ቆረጠ»፣ «በላ» ከሚሉት ቃላት አንዱን ምረጡ። ስንት ፍች እንዳለው ከጎረቤታችሁ ጋር ቁጠሩ።

የቃላት ፍች

ተያዥ፦ ዋስ፤ ሌላው ባይከፍል የሚጠየቅ ሰው።
ይዞታ፦ ሳይሸጡ የሚጠቀሙበት መብት፤ በእጅ ያለ መሬት።
ማሰሪያ፦ የዐረፍተ ነገር መጨረሻ፤ ሐሳቡን የሚቋጥር ቃል።
አንቀጽ፦ በሕግ ወይም በውል ውስጥ በቁጥር የተለየ ክፍል።
ቃል አጋኖ፦ ለትእዛዝ፣ ለጩኸት ወይም ለመደነቅ የሚደረግ ምልክት (!)።